ማውዟ እምቢ ያለች ቀን

«አንተ ልጅ፣ ቀስቷን የት አደረስካት?»

እታለም ይህን የጠየቀችኝ በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ገና ከእንቅልፌ በቅጡ ሳልነቃ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የኅዳር ጠዋት ምን እንደሚመስል ለማታውቁ ልንገራችሁ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቅላ የተቀመጠች ናት። ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ለመትከል ከዚህ የተሻለ ቦታ ማን ያገኛል? ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ነው የሚሄደው። እኔ ግን ያን ጠዋት ላብ ላብ አለኝ።

ቀስቷ የኮምፒውተሩ ቀስት ናት። ስክሪኑ ላይ የለችም። ማውዟን ወደ ግራ ብንስባት፣ ወደ ቀኝ ብንስባት፣ ጠረጴዛው ላይ ብናንኳኳት የለችም። ከሆዷ ሥር ቀይ መብራቷ ቦግ ብሎ በርቷል። መብራቱ አለ፣ ቤቱ ውስጥ ግን ሰው የለም።

ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ለማወቅ መርማሪ አያስፈልግም ነበር። ጥፋተኛው እኔ ነኝ።

እታለም አክስቴ ናት፤ የእናቴ ታናሽ። ሰፈሩ በሙሉ እታለም ስለሚላት እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እታለም ነው የምላት። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ትሠራለች። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ዕድሜው የገፋ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ «ዱቤ ዛሬ የለም» የሚል ጽሑፍ። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስጽፉ ተማሪዎች፣ የሥራ ማመልከቻ የሚያስጽፉ ወጣቶች፣ አቤቱታ የያዙ ገበሬዎች ደንበኞቿ ናቸው። ሁለት ልጆቿን ያስተማረችው በዚያ ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ለእሷ ሞሰብ ነው፣ የእንጀራ ማቅረቢያ።

እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ ለቅዳሜና እሑድ የመጣሁ «አዋቂ» ነኝ። ቅዳሜ ዕለት ሱቋ ገብቼ ማሽኑ ላይ ዊንዶውስ 7 አየሁ። አንጀቴ ተቃጠለ። ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠው የጥገናና የደኅንነት ድጋፍ ከቆመ ቆይቷል፤ ያበቃው ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ነው፣ በእኛ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.። በዚያ ላይ በየቀኑ ስንት ተማሪ ፍላሹን እየሰካ ይሄዳል። ቫይረሱ ፎልደሩን ሁሉ ደብቆ በምትኩ ባዶ ሾርትከት ያስቀምጥላታል፤ ልጁ «እትዬ፣ ጽሑፌ ጠፋ!» ብሎ ያለቅሳል።

«እታለም፣ ይህ ነገር መቀየር አለበት» አልኳት።

«ይሠራል እኮ» አለች።

«ዛሬ ይሠራል። ነገስ?»

«ነገ የእግዜር ነው።»

«ዊንዶውስ 10 ልጫንልሽ። ያለው ፋይል ሁሉ ባለበት ይቀመጣል። አዲስ ሆኖ ነው የምታገኚው።»

ትንሽ አሰበችና «ፊደሌን እንዳታጠፋብኝ ብቻ» አለችኝ።

በዚህ ፍርሃቷ የሚስቅ ካለ ያን ዘመን አያውቀውም ማለት ነው። አማርኛችን ኮምፒውተር ውስጥ የገባው በየድርጅቱ በራሱ መንገድ ነበር። አንዱ ሶፍትዌር «ሀ»ን ከአንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል ሥር ያስቀምጣታል፣ ሌላው ከሌላው ሥር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የሰይጣን ጽሑፍ ይመስል ነበር። ፊደላችን በዩኒኮድ የራሱን ቋሚ ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዊንዶውስ ራሱ «ኒያላ» የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መምጣት የጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ.፣ ከቪስታ ጋር ነው። እዚህ ለመድረስ እታለምን የመሰሉ ጸሐፊዎች ስንት ገጽ ደግመው እንደጻፉ የሚያውቁት ጣቶቻቸው ናቸው። «አዲስ» የሚለው ቃል ለእሷ ሁልጊዜ የምሥራች አልነበረም።

እኔ ግን አልሰማኋትም። እሑድ ማታ ይዤ የመጣሁትን ፍላሽ ሰካሁና አስጀመርኩት። ሌሊቱን በራሱ ጨረሰ። ፊደሏ አልጠፋም፣ ፋይሏ አልጠፋም፣ ፕሪንተሯም አለ። የጠፋችው ቀስቷ ብቻ ናት።

*

«ማውዟ ተበላሽታ ይሆናል» አልኩ፤ ሰው ሲጨንቀው ጥፋቱን ከራሱ ያርቃል። ጎረቤት ካለው ፎቶ ቤት ሌላ ማውዝ ተዋስን። ሰካናት፣ መብራቷ በራ፣ ቀስቷ ግን የለችም። እታለም መሳቢያዋን ከፍታ ከድሮ ደረሰኞች ሥር አንዲት ቢጫ ያደረባት ማውዝ አወጣች። መሰኪያዋ ክብ ነው፣ አረንጓዴ፤ ያ በ1987 እ.ኤ.አ. አይቢኤም ፒኤስ ቱ ከሚባሉት ኮምፒውተሮቹ ጋር ያመጣው ዓይነት። ከሆዷ ሥር ኳስ አላት። ዕድሜያችሁ ከሠላሳ ከበለጠ ያቺን ኳስ አውጥታችሁ፣ በውስጥ ያሉትን ትናንሽ ዘንጎች በጥፍራችሁ ፍቃችሁ ታውቃላችሁ። የክብ መሰኪያ ደንቡ ማሽኑን አጥፍቶ ሰክቶ ማብራት ነው። አጠፋን፣ ሰካን፣ አበራን። እሷም እምቢ አለች።

ሦስት ማውዝ በአንድ ጠዋት አይበላሽም። ነገሩ ሌላ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ችግሩ ግን ምን እንደሆነ ማንን ልጠይቅ?

እዚህ ላይ ጊዜውን አስታውሱልኝ። ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። አዲስ አበባ ሆኜ ቢሆን ስልኬን አውጥቼ የችግሩን ስም እጽፍና በአምስት ደቂቃ ውስጥ መቶ መልስ አገኝ ነበር። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኜ ግን ስልኬ መስተዋት ነው፤ የማየው የራሴን የደነገጠ ፊት ብቻ። አዲሱ ሲስተም ደግሞ የተሠራው «የጎደለኝን ከኢንተርኔት እሞላለሁ» ብሎ አስቦ ነው። ለአንድ ትንሽ ድራይቨር ብዬ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ልጓዝ? ያን ሰሞን መኪናም እንደልብ አልነበረም።

ይህን እያሰላሰልኩ ሳለ በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆሙ።

ኩታቸውን አጣፍተዋል፣ ዱላቸውን ይዘዋል፣ ከብብታቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አለ። ከአንኮበር ማዶ፣ ወደ አልዩ አምባ ከሚወርደው ቁልቁለት ነው የመጡት። አንኮበር ከደብረ ብርሃን አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው መንገድ ግን በኪሎ ሜትር አይለካም፣ በጉልበት ነው። የመሬት ክርክር አለባቸው። የይግባኝ ጽሑፋቸውን አንድ ሰው በእጁ ጽፎላቸዋል፣ አምስት ገጽ። ታይፕ ተደርጎ በሦስት ኮፒ ዛሬ ፍርድ ቤት መግባት አለበት።

«ነገ አይሆንም ወይ አባባ?» አልኳቸው።

«ቀኑ ዛሬ ያልቃል ልጄ። ከዛሬ ካለፈ አለቀ ብለውኛል።»

እታለም አየችኝ። የተናገረችው ነገር የለም፤ አየችኝ ብቻ። በሌላ ጽሕፈት ቤት ማስጻፍ ይችሉ ነበር፣ ግን በዚያ ሰኞ ጠዋት መብራት የነበረው በእኛ በኩል ባለው መስመር ብቻ ነው። እዚያ ማዶ ያሉት ሱቆች ሻማ አብርተው ተቀምጠዋል።

ሽማግሌው በርጩማው ላይ ተቀመጡና እኔ ማውዝ ስነቅል፣ ማውዝ ስሰካ ሲያዩኝ ቆዩ። በመጨረሻ «ምን ሆኖባችሁ ነው?» አሉ።

«ማሽኑን አደስኩት አባባ። አሁን ይህችን ዕቃ አልቀበልም አለ።»

«ዕቃዋ ተሰብራለች?»

«አልተሰበረችም።»

«ማሽኑስ?»

«እሱም ደኅና ነው።»

ሽማግሌው ሳቅ አሉ። «የአያቴ ነገር ነዋ! አያቴ ስናድር ነበረው። ጥይት አለቀበት። ጎረቤቱ ምንሽር ነበረው፣ ደግ ሰው ነው፣ ጥይት ሰጠው። ጥይቱ ደኅና ጥይት ነው። ጠመንጃውም ደኅና ጠመንጃ ነው። አንዱ በሌላው አይገባም እንጂ!»

እናንተዬ፣ ስንት ዓመት የኮምፒውተር ትምህርት ተምሬ «ተኳኋኝነት» የሚለውን ነገር እንደዚህ አጥርቶ ያስረዳኝ መምህር አልነበረም። ሰውዬው የኮምፒውተር ቁልፍ ነክተው አያውቁም። ግን አገሩ የጠመንጃ አገር ነው። ከአውሮፓ ከየፋብሪካው የመጣ ስናድር፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር አንድ ሰፈር ውስጥ ጎን ለጎን የኖረበት አገር ነው። ሁሉም የየራሱን ጥይት ይፈልጋል፤ ጥይቱ ሲያልቅ ደግሞ አዲስ የሚመጣው ባሕር ተሻግሮ ነው። የሌላ ሰው ፋብሪካ «ይህን ዓይነት መሥራት አቁሜያለሁ» ባለ ቀን አንተ ግድግዳህ ላይ የምትሰቅለው ቆንጆ ብረት ብቻ ነው የሚቀርህ።

*

«ተነስ እስቲ» አለችኝ እታለም።

ተነሣሁ። ወንበሯን አስተካከለች፣ መነጽሯን አጠለቀች፣ ማውዟን በእጇ ጀርባ ገፋ አድርጋ ፕሪንተሩ አጠገብ አስቀመጠቻት።

«እኔ ታይፕ ስማር ይህች ነገር ነበረች?»

አልነበረችም። እታለም በደርግ ዘመን የታይፒስት ኮርስ የወሰደች ሰው ናት። የአማርኛ ታይፕ ላይ መጀመሪያ ፊደሉን ትመታለህ፣ ከዚያ ቅጥሉን ትጨምርበታለህ። «ለ»ን መትተህ እግር ትቀጥልለታለህ። ይህን ሁሉ ደግሞ ዓይንህ ከረቂቁ ሳይነሣ፣ ጣትህ ቦታውን እያወቀ። ኮምፒውተር ሲመጣ ጣቶቿ ያንን ልማድ ይዘው ተሻገሩ፤ ማውዟን የምትነካው «አስቀምጥ» እና «አትም» ለማለት ብቻ ነበር።

የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ተጫነች። ዝርዝሩ ተከፈተ። የምትፈልገውን ፕሮግራም ስም በሦስት ፊደል ጀመረች፣ ኢንተር አለች፣ ወርድ ተከፈተ። እኔ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ። እሷም ትንሽ ሳትገረም አልቀረችም መሰለኝ፣ ግን አላሳየችኝም። የሽማግሌውን ረቂቅ መስኮቱ ላይ አስደግፋ መምታት ጀመረች።

የእኔ ሥራ ከዚያ በኋላ የአቋራጭ ቁልፎችን ማስታወስ ነበር። ለማስቀመጥ ኮንትሮልና ኤስ። ለማተም ኮንትሮልና ፒ። ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ለመሄድ ኦልትና ታብ። ኦልትን ብቻ ስትጫኚ ከላይ ባሉት ትእዛዞች ላይ ትናንሽ ፊደሎች ብቅ ይላሉ፣ የፈለግሽውን ፊደል ትመቺያለሽ። በማውዝ ቀኝ ጠቅ የሚደረገውን ሺፍትና ኤፍ 10 ይተካዋል። እኔ እነዚህን ሁሉ በፈተና ወረቀት ላይ ጽፌ ነጥብ አግኝቼባቸዋለሁ፤ እንጀራ ሲያቀርቡ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ከአምስት ሰዓት በፊት አምስቱ ገጽ ታትሞ ወጣ፣ በሦስት ኮፒ። እታለም ለሽማግሌው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችላቸው። አንድ ቦታ ላይ «ቆይ፣ ወሰኑ ዋርካው ነው እንጂ ወንዙ አይደለም» አሉ፤ አስተካክላ ያንን ገጽ እንደገና አተመች። ፈረሙ፣ አጣጠፉ፣ በፌስታሉ ጠቀለሉ። ሲወጡ ወደ እኔ ዞር ብለው «አንተ ልጅ፣ ጠመንጃ ስትለውጥ መጀመሪያ ጥይቱን ቁጠር» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ በደጃችን ሲያልፉ እጃቸውን አነሡልን። ገብቷል ማለት ነው። የአንኮበሩን መኪናም ደረሱበት።

*

ማታ ላይ አዲስ አበባ ለሚኖር አንድ ጓደኛዬ ደወልኩ። ኢንተርኔት አይኑር እንጂ ድምፅ ይሠራ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። «ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ገብተህ ማውዙ አጠገብ ምን እንደሚል አንብብልኝ» አለኝ። የዊንዶውስ ቁልፍና ኤክስ፣ ከዚያ ኤም፤ በቀስት ቁልፎች ወርጄ አነበብኩለት። ቢጫ ምልክት፣ ኮድ 39። ድራይቨሩን መጫን አልተቻለም ይላል።

ጓደኛዬ እዚያ ኢንተርኔት ላይ ሲያገላብጥ ቆይቶ «ድሮ ከማውዝ ጋር የመጣ ሲዲ ጭናችሁ ታውቃላችሁ?» ሲል ጠየቀኝ። እታለም አሰበች። አዎ፤ ከዓመታት በፊት ጎኗ ላይ ተጨማሪ ቁልፎች ያሏት ማውዝ ገዝታ ነበር። ሲዲ ነበራት። ማውዟ ዓመት ሳትሞላ ሞተች፣ ተጣለች። ሲዲው የጫነው ፕሮግራም ግን እዚያው ቀረ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ «ሬጅስትሪ» የሚባል ትልቅ መዝገብ አለ። በዚያ መዝገብ ውስጥ ማውዝ ለሚባል ነገር ሁሉ አንድ ገጽ አለው። እዚያ ገጽ ላይ «አፐር ፊልተርስ» የሚል መስመር አለ፤ ማንኛውም ማውዝ ከመግባቱ በፊት በእነማን በኩል ማለፍ እንዳለበት የሚዘረዝር። ደንበኛው ዝርዝር «ማውክላስ» የሚባል አንድ ስም ብቻ ነው። የሞተችው ማውዝ ፕሮግራም ግን የራሱን ስም ከጎኑ አስጽፎ ነበር። እኔ ዊንዶውሱን ሳሳድግ አሮጌው የድራይቨር ፋይል አብሮ ሳይሻገር ቀረ፤ ስሙ ግን መዝገቡ ላይ እንዳለ ተሻገረ።

እንዲህ አስቡት። አንኮበር የነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ከንጉሥ ፊት የሚያስገባው አጋፋሪ ነው። አሁን አጋፋሪው ሞቷል። «ያለ እገሌ አስገቢነት ማንም እንዳይገባ» የሚለው ትእዛዝ ግን አልተሻረም። ባለጉዳዩ ደጅ ላይ ቆሟል፣ ንጉሡም እልፍኝ ተቀምጧል፣ ሁለቱም ደኅና ናቸው። በመካከል የቆመው የሞተ ሰው ስም ነው። ሦስቱም ማውዞቻችን ደጅ የጠኑት ለዚህ ነበር።

መፍትሔው መዝገቡን ከፍቶ ያንን ስም መሰረዝ ነው። ችግሩ ግን ገጹ የሚገኝበት አድራሻ ነው። ስሙ «ማውዝ» አይደለም፤ በቅንፍ ውስጥ የታጨቀ 32 የቁጥርና የፊደል ድርድር ነው። ጓደኛዬ በስልክ ማንበብ ጀመረ፤ አራት፣ ዲ፣ ሦስት፣ ስድስት፣ ኢ፣ ዘጠኝ፣ ስድስት፣ ኤፍ... እኔ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። በሦስተኛው እታለም ስልኩን ነጥቃ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«በል የኔ ልጅ፣ ከመጀመሪያው። አትቁም፣ እኔ እደርስብሃለሁ።»

አላቆመም፣ እሷም ደረሰችበት። ሰው ሲናገር ሰምቶ መምታት የቆየ ሙያዋ ነው፤ የተነገራት ዐረፍተ ነገር ይሁን የቁጥር ጋጋታ ለጣቶቿ ልዩነት የለውም። ገጹ ተከፈተ። ከመንካታችን በፊት ጓደኛዬ «መጀመሪያ ያንን ገጽ ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ» አለ፤ አስቀመጥን። ከዚያ የሞተውን ስም ሰረዝን፣ «ማውክላስ»ን ተውነው፣ ማሽኑን አጥፍተን አበራን።

ቀስቷ መጣች። ስክሪኑ መሐል ላይ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ።

«መጣሽ ደግሞ» አለቻት እታለም።

*

ለመሆኑ ይህች ዕቃ ከየት መጣች? የመጀመሪያዋ ማውዝ በ1964 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ተሠራች። ሐሳቡ የዳግላስ ኤንግልባርት ነው፣ የሠራት ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ። ከእንጨት የተጠረበች ሳጥን ነበረች፣ ከሥሯ ሁለት መንኮራኩር ያላት። ታኅሣሥ 9 ቀን 1968 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በሕዝብ ፊት አሳያት። በአንዳንድ የአማርኛ ትርጉሞች «መዳፊት» ትባላለች፣ መዳፍ ከሚለው። መንገድ ላይ ግን ማውዝ ናት። ያ ሰው የፈለገው እጅና ማሽን እንዲግባቡ ነበር። ከስልሳ ዓመት በኋላ ያልተግባቡት እጅና ማሽን አይደሉም፤ ማሽኑ ከራሱ ትናንት ጋር ነው ያልተግባባው።

ይህ የእኔ የብቻ ውርደት ነው ብዬ ለሁለት ዓመት ያህል ለማንም ሳልናገር ቆየሁ። ዛሬ እንድጽፈው ያደረገኝ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ የሆነው ነው። ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ማለትም ጥቅምት 4፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። በዚያው ዕለት ለዊንዶውስ 11 ማሻሻያ አወጣ። ማሻሻያውን የጫኑ ሰዎች ማሽናቸው ችግር ገጥሞት ወደ ጥገናው ክፍል ሲገቡ በዩኤስቢ የተሰኩት ማውዝና ኪቦርድ አልሠራ አሏቸው። ማለትም የታመመ ሰው ሐኪም ቤት ገብቶ አፉ ተለጎመ። ኩባንያው ችግሩን አምኖ በስድስተኛው ቀን፣ ኦክቶበር 20፣ ማስተካከያ አወጣ። እስከዚያው እንደ ማምለጫ ከተጠቀሱት መንገዶች አንዱ ምን እንደነበር ገምቱ። ያቺ ክብ መሰኪያ! የ1987ቷ ፒኤስ ቱ!

ዜናውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። እታለም መሳቢያ ውስጥ፣ ከድሮ ደረሰኞች ሥር የተኛችው ባለ ኳሷ ማውዝ ትዝ አለችኝ። እኔ በዚያን ቀን «ይህች ቆሻሻ ናት፣ ጣያት» ብያት ነበር።

ከዚህ ሁሉ የተማርኩትን እዚህ ላይ ላስቀምጥላችሁ፤ የእናንተም እናት፣ አክስት፣ ጎረቤት ሱቅ ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር ይኖራል፣ እናንተም እንደ እኔ ሳትጠየቁ «ላድስልሽ» ትላላችሁ። ከማሳደጋችሁ በፊት ከማውዝና ከፕሪንተር ጋር በሲዲ የመጡ የድሮ ፕሮግራሞችን አራግፉ። ወደ ኋላ የሚመልስ ነጥብ ፍጠሩ። የዚያን ማሽን ድራይቨሮች በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ «እዚያ ስደርስ ዳውንሎድ አደርጋለሁ» ማለት ለአዲስ አበባም ቢሆን አይሠራም። ግራ ኦልት፣ ግራ ሺፍትና ነም ሎክ አንድ ላይ ሲጫኑ በቀኝ በኩል ያሉት ቁጥሮች ቀስቷን እንደሚነዱ ዕወቁ፤ ስምንት ወደ ላይ፣ ሁለት ወደ ታች፣ አምስት ጠቅ። ቀስ እያለች ነው የምትሄደው፣ ግን ትደርሳለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰኞ ሊሠራበት የታሰበን ማሽን እሑድ ማታ አትንኩ።

ይህ የእጅ ሥራው ትምህርት ነው። ከዚያ ያለፈው ግን አሁንም ይከነክነኛል። እኔ እታለምን ከድሮ ወደ አዲስ የማሻግራት መስሎኝ ነበር። ገደል አፍ ላይ ስንደርስ ያሻገረችኝ እሷ ናት፣ ያውም እኔ አሮጌ ባልኩት ሙያ። ያ ሽማግሌ ይግባኛቸው ባይገባ ኖሮ የማን ጥፋት ይሆን ነበር? ካሊፎርኒያ ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ የለም። «ልጁ ማሽኑን አደሰው» ተብሎ መሬታቸው ይሄድ ነበር። ያን ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል።

ባለፈው ሰሞን ደወልኩላት። የዊንዶውስ 10 ነገርም እንዳበቃ፣ ያ ማሽን ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን ነገር ስለማያሟላ ውሎ አድሮ ሌላ መግዛት እንደሚኖርባት ቀስ ብዬ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ይሠራል እኮ» አለች።

በዚህ ጊዜ አልተከራከርኳትም። ፍላሽ የሚያስገቡ ተማሪዎች ጉዳይ እንደሚያሳስበኝ ብቻ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «እሺ፣ ለገና ስትመጣ እናየዋለን» አለችኝ።

«ምን ይዤ ልምጣ?»

«ጥይቱን ቁጠርና ና» አለችኝና ስልኩን ዘጋችው።